ሦስተኛው ዙር ላይ እግር ሲከብድ፦ ከሀዋሳ የቴኳንዶ ክለብ የፈተና ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ሰኞ

ልጁ ሁለት ዙር በደንብ ይጫወትና ሦስተኛው ላይ እግሩ አልነሳ ይለዋል። ከዳር የቆምን አሰልጣኞች የምንለው ሁሌም አንድ ነው። «ትንፋሽ የለህም! ሩጥ!» በማግስቱ ልጁ ጎህ ሳይቀድ ታቦር ተራራ ላይ ነው።

በአሁኑ ሕግ ነገሩ የበለጠ ያሳስባል። ጨዋታው ሁለት ሁለት ደቂቃ የሆኑ ሦስት ዙሮች አሉት፤ በመካከላቸው የአንድ ደቂቃ ዕረፍት አለ። ሁለት ዙር ያሸነፈ ጨዋታውን ይወስዳል። ስለዚህ ሦስተኛው ዙር ተከፈተ ማለት ልጆቹ አንድ ለአንድ ናቸው ማለት ነው። እግር የሚከብደውም እዚያው ላይ ነው።

ታቦርን መሮጥ ጥሩ ነው። ልጆቼን አስሮጣለሁ፣ ወደፊትም አስሮጣለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሁሉም ልጅ የሚደክመው በአንድ ምክንያት ነው ወይ? አንዱ መጀመሪያ ላይ እንደ እሳት ይነሳል፣ ግን በመሃል የሚያገኛት ፋታ አትበቃውም። ሌላው ከጅምሩም ፍጥነት የለውም፤ ያችኑ ያለችውን ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ከዳር ለሚያይ ሁለቱም «ደከሙ» ነው። ሥልጠናቸው ግን አንድ መሆን የለበትም።

ስለዚህ በዚህ ወቅት የክለባችንን ትልልቅ ልጆች በቁጥር እንለካለን። ስፖርት ሳይንስ የተማረ ወዳጄ ሊያግዘኝ ተስማምቷል። ላቦራቶሪ የለንም። ስልክ፣ ስፒከር፣ ሳንድ ባግ እና ደብተር አለን። የሆነውን እዚህ እጽፋለሁ፤ ሌላ ቦታ ያለ አሰልጣኝ ሊጠቀምበት ይችላል።

ረቡዕ ማታ

ምን ዓይነት ፈተና እንምረጥ የሚለው ላይ ከወዳጄ ጋር እስከ ማታ ተከራከርን።

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የአናኤሮቢክ (ኦክስጅን ሳይጠብቅ የሚወጣ የአጭር ጊዜ ጉልበት) ፈተና ዊንጌት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እስራኤል ውስጥ በዊንጌት ኢንስቲትዩት የተዘጋጀ ነው። ቋሚ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ 30 ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይል መርገጥ ነው። ጭነቱ ብዙ ጊዜ ከሰውነት ክብደት 7.5 በመቶ ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 4.5 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ከፍተኛው ጉልበት፣ አማካዩና የወረደበት መጠን ይወጣል።

ጠንካራ ፈተና ነው። ብስክሌቱ ቢኖረንም ግን አልመርጠውም ነበር። የቴኳንዶ ልጅ ተቀምጦ ፔዳል አይረግጥም። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ዳሌውን አዙሮ ይመታል። እግሩን መልሶ ያወርዳል። ሚዛኑን ሳይስት በሌላው እግሩ ይደግማል። ብስክሌት ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ ይህን ሁሉ በድካም ውስጥ መሥራት መቻሉን ብስክሌቱ አይነግረኝም።

ጁዶዎች ይህ ጉዳይ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ስተርኮቪች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ፈተና እስካሁን ይሠራበታል። ሁለት ሰዎች በ6 ሜትር ርቀት ይቆማሉ። ተፈታኙ ከመሃል ተነስቶ ወደ አንዱ ይሮጣል፣ ይጥለዋል፣ ወደ ሌላው ይሮጣል፣ ይጥለዋል። መጀመሪያ 15 ሰከንድ፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ እንደገና 30፤ በመካከላቸው 10 ሰከንድ ዕረፍት። እንዳበቃ የልብ ምቱ ይለካል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሁለቱ ተደምረው ለጣላቸው ብዛት ይካፈላሉ። ለምሳሌ 180 እና 150 ተደምሮ ለ27 ሲካፈል 12.2 ይመጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ልጁ ብዙ ጥሎ ልቡ ቶሎ ተረጋግቷል ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር ፈተናው ራሱ ጁዶ መሆኑ ነው።

ለቴኳንዶ ብራዚላውያን ተመራማሪዎች የምት ፍጥነት ፈተና አዘጋጅተዋል። 10 ሰከንድ ሙሉ በቀኝና በግራ እያፈራረቁ ባንዳል ቻጊ (ዳሌን አዙሮ ወደ ሆድና ደረት የሚመታ የእግር ምት) መምታት፣ 10 ሰከንድ ማረፍ፤ ይህ አምስት ጊዜ ይደገማል። ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ መጨረሻው 90 ሰከንድ ነው። ሌላም አለ፤ 5 ሰከንድ መምታት፣ 10 ሰከንድ ማረፍ፣ ስድስት ጊዜ። ሁለተኛው ለእውነተኛው ጨዋታ የበለጠ ይቀርባል። የራሳችንን የውድድር ቪዲዮዎች ስናይ አንድ ጥቃት ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም፤ የቀረው ጊዜ እግር እያንቀሳቀሱ መጠባበቅ ነው።

እኔ ግን የ10 ሰከንዱን መረጥኩ። ምክንያቴ ቆጠራ ነው። በ5 ሰከንድ አንድ ልጅ 10 ምት ያህል ቢመታና አንዷን ብንስት፣ የሳትነው 10 በመቶ ነው። በ10 ሰከንድ 20 ቢመታ፣ ያችው አንዷ 5 በመቶ ትሆናለች። በስልክ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ወዳጄ ባይስማማም ተቀብሎታል።

ዓርብ

ዛሬ ለልጆቹ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ አስረዳኋቸው።

ጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጉልበት አለ። ኤቲፒ እና ክሬቲን ፎስፌት ይባላሉ። ወዲያው ይገኛሉ፣ ግን ለሰከንዶች ብቻ ነው የሚበቁት። ሁለተኛው መንገድ ስኳርን ያለ ኦክስጅን ማቃጠል ነው፤ እግር የሚያቃጥለው ያኔ ነው። ሦስተኛው በኦክስጅን የሚሠራው ነው። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ቶሎ አያልቅም።

አንዱ ልጅ «ማስተር፣ እኛ የትኛውን ነው የምንጠቀመው?» አለ። ጥያቄው የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የቴኳንዶ ፍልሚያን አስመስሎ ለክቶ ነበር። ሁለት ሦስተኛው ጉልበት በኦክስጅን የመጣ ነው። 30 በመቶ ገደማው ከዚያ ከተቀመጠው ነው። ያለ ኦክስጅን ከሚቃጠለው ስኳር የመጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ብዙ አሰልጣኝ «ላክቲክ አሲድ ነው የጣለው» ሲል፣ ማለትም በዚያ ስኳር ሲያሳብብ እሰማለሁ። ቁጥሩ የሚያሳየው ሌላ ነው። ምቱን የሚያስፈነጥረው የተቀመጠው ጉልበት ነው። ያንን በየፋታው መልሶ የሚሞላው ደግሞ ኦክስጅን ነው። ክሬቲን ፎስፌት ከተሟጠጠ በኋላ ግማሹን ለመመለስ 30 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በ10 ሰከንድ ዕረፍት የሚመለሰው ትንሽ ነው። ፈተናው የሚጨክነው እዚህ ላይ ነው።

ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ 2020 ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲጫወት ያዩ ልጆች አሉ። ስሙን ሳነሳ ሁሉም ጆሯቸውን አቆሙ። እንዲህ ያለው ነገር ከእኔ ማብራሪያ በላይ ይሠራል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዕቃ ማዘጋጀት

የመጀመሪያው ችግር ሳንድ ባጉ ነው። ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ከረጢት ፈተናውን ያበላሻል። ልጁ ከረጢቱ እስኪመለስለት ይጠብቃል፤ ያኔ የሚለካው የከረጢቱ ውዝዋዜ ይሆናል። ታችውን በገመድ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጋር አሰርነው፤ ጎማው ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫንን። አሁን ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም። ላዩ ላይ አሮጌ ሆጉ (የደረት መከላከያ) አለበስነው። ከፍታው በየልጁ ቁመት ይስተካከላል፤ ምቱ ከቀበቶ በላይ ካላረፈ አይቆጠርም። ይህን ሕግ ካላጠበቅን ልጁ ሲደክም ዝቅ እያደረገ ቁጥሩን ያበዛል።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። ፊሽካ የሚነፋ ሰው እጁ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ልጁ በሰከንድ ሁለት ምት የሚመታ ከሆነ ግማሽ ሰከንድ ማለት አንድ ምት ነው። ስለዚህ ወዳጄ በላፕቶፕ የድምፅ ፋይል ሠራ፤ «ሲጃክ» (ጀምር) ይልና ከ10 ሰከንድ በኋላ ጢጥ ይላል። በስፒከር እናጫውተዋለን። ለሁሉም ልጅ ያው ፋይል ነው።

ሦስተኛው ቆጠራው ነው። በዓይን መቁጠር አይሆንም። ስልኩን ከጎን አቁመን በስሎው ሞሽን እንቀርጻለን። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይቆጥራሉ፤ ካልተስማሙ እንደገና ያያሉ። ሌላም ዘዴ አገኘን። ሁለተኛ ስልክ ከረጢቱ ሥር ድምፅ ይቀዳል። ቅጂውን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ስንከፍተው እያንዳንዱ ምት ሹል ጫፍ ሆኖ ይታያል። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ያስተጋባል፤ ስልኩን ወደ ከረጢቱ ስናስጠጋው ጫፎቹ ጠሩ። ይህ ነገር በጣም አስደሰተኝ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ምቱ የቱ ጋ መዘግየት እንደጀመረ ራሱ ያሳያል።

የልብ ምት ለመለካት አስበን ተውነው። የደረት ቀበቶ የለንም። አንገት ላይ በጣት ለ10 ሰከንድ ቆጥሮ በስድስት ማባዛት ይቻላል፤ ግን አንድ ምት ቢሳሳት በደቂቃ 6 ይሆናል።

ሰኞ፣ ስለ ፈቃድና ስለ ቀን ምርጫ

ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑት ልጆች ወላጆቻቸው እንዲፈቅዱ ጠየቅን። አስም ያለበት፣ ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ ቤተሰቡ ውስጥ የልብ ችግር ያለ ልጅ ሐኪም ሳያየው አይፈተንም።

አንዲት እናት መጡ። «ማስተር፣ ልጄን እስኪወድቅ ልታደክመው ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«እትዬ፣ 90 ሰከንድ ነው። ይደክማል፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ግን ብቻውን አይደለም፣ እኔ አጠገቡ ነኝ። አቁም ሲል ይቆማል።»

«በጾም ቀን ግን እንዳታደርገው።»

ይህን ቀድመን አስበንበት ነበር። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ልጆች አሉ። እስከ ከሰዓት ያልበላ ልጅና ቁርሱን ምሳውን የበላ ልጅ እኩል አይለኩም። ስለዚህ ፈተናው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዓቱን አንቀይረውም። ሰው ወደ ማታ ሲሆን እንዲህ ባለ የአጭር ጊዜ ጉልበት ከጠዋቱ ይሻላል። ጠዋት ለክቶ፣ በሌላ ጊዜ ማታ ለክቶ «አደገ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ማክሰኞ፣ ኳስ ሜዳ ላይ

ከምቱ ፈተና በፊት ለማነጻጸር ሩጫ ለካን። 35 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በየመሃሉ 10 ሰከንድ ዕረፍት። ጉልበቱ በቀላል ሒሳብ ይወጣል። ክብደት በርቀቱ ካሬ ይባዛል፣ ለፈጀው ጊዜ ኪዩብ ይካፈላል። 60 ኪሎ ልጅ 35 ሜትሩን በ5 ሰከንድ ከሮጠ 588 ዋት ነው።

ሜዳው አቧራማ ነው፤ መዞሪያው ላይ ይንሸራተታል። ብዙ አልቆየንበትም።

ሐሙስ፣ የመጀመሪያው የምት ፈተና

ሁሉም አንድ ዓይነት ማሟሟቅ ሠሩ። ከዚያ ሙከራ፤ ከረጢቱን ለምደው ርቀታቸውን እንዲያገኙ። ከዚያ ዕረፍት።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ድምፅ ልዩ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ጓደኞቻቸው መጮህ ጀመሩ፤ «በርታ! በርታ!» እኔም ፈቀድኩ። ግን ለአንዱ የተጮኸ ለሁሉም ይጮሃል። ዝም ብለው ሲመቱ የነበሩ ልጆች ጩኸት ሲሰሙ ይለወጣሉ፤ ይህ ከፈተናው ሁኔታዎች አንዱ ነው።

ኳስ ሜዳ ላይ ቀዳሚ የነበረው ሯጭ ከረጢቱ ፊት ቀዳሚ አልሆነም። በሩጫው መሃል ላይ የነበረች ልጅ እዚህ ከፊት መጣች። ቪዲዮውን ስናይ ምክንያቱ ግልጽ ነው። እግሯን ከመታች በኋላ የምታወርድበት ፍጥነት ከሁሉም ይበልጣል። ሌሎቹ መምታት ላይ ይፈጥናሉ፣ መመለስ ላይ ይዘገያሉ። ሯጩ ደግሞ ግራ እግሩ ይጎትተዋል፤ እያፈራረቀ ስለሚመታ ፍጥነቱን የሚወስነው ዘገምተኛው እግሩ ነው። ብስክሌት ላይ ቢሆን ይህን አናይም ነበር።

እሑድ፣ ቁጥሮቹ

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል።

ፈተናው ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው የአምስቱ ዙር ድምር ነው። ሁለተኛው የመውረድ መቶኛ ነው። ድምሩ፣ ምርጡ ዙር በአምስት ሲባዛ ለሚገኘው ይካፈላል፤ ውጤቱ ከአንድ ላይ ይቀነስና በመቶ ይባዛል። እንበልና ልጁ 20፣ 19፣ 18፣ 17፣ 16 መታ። ድምሩ 90 ነው። 20 በ5 ሲባዛ 100። ስለዚህ 10 በመቶ ወርዷል።

አሁን ሌላ ልጅ እንውሰድ። 16፣ 16፣ 16፣ 16፣ 16። ድምሩ 80፤ የመውረድ መቶኛው ዜሮ። መቶኛውን ብቻ የሚያይ ሰው «ይህ ልጅ አይደክምም» ይላል። ልጁ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሱን ቆጥቧል፤ ወይም ፍጥነት የለውም።

ሦስተኛ ምሳሌ። የመጀመሪያው ልጅ በሥልጠና ተሻሽሎ 21፣ 19፣ 18፣ 17፣ 16 ቢመታ ድምሩ 91 ይሆናል። ልጁ አድጓል። መቶኛው ግን ከ10 ወደ 13.3 ይወጣል። ወረቀቱን የሚያነብ ወላጅ «ልጄ ባሰበት» ሊል ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ድምሩ ይቀድማል። መቶኛው ከድምሩና ከምርጡ ዙር ጋር አብሮ ካልተነበበ አይጻፍም። በደብተራችን ላይ ብቻውን የሚቆምበት ዓምድ አላስገባሁም።

ራስን መቆጠብን ለመከላከል ደግሞ አንድ ደንብ አስገባን። ከዋናው ፈተና በፊት እያንዳንዱ ልጅ አንድ 10 ሰከንድ ብቻውን በሙሉ ኃይሉ ይመታል፤ ከዚያ ረዘም ያለ ዕረፍት ያገኛል። ዋናው ፈተና ሲጀመር የመጀመሪያው ዙር ከዚያ 95 በመቶ በታች ከሆነ ይቆማል፤ ልጁ አርፎ እንደገና ይጀምራል። ብቻውን 20 የመታ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ቢያንስ 19 መምታት አለበት።

ኅዳር መግቢያ፣ ሐሙስ

ምንም አዲስ ሥልጠና ሳንጨምር ፈተናውን ደገምነው። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘለዋል። እኔ ግን ያለዚህ ምንም መናገር አይቻልም ባይ ነኝ። አንድ ልጅ ሳይሰለጥን ቁጥሩ በራሱ በምን ያህል እንደሚዋዥቅ ካላወቅን፣ ከሥልጠና በኋላ የመጣው ለውጥ እውነተኛ ይሁን አይሁን በምን እናውቃለን?

ድምሩ በሁሉም ልጆች ላይ እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። መቶኛው ግን ዘለለ። አንድ ምት እዚህ፣ አንድ ምት እዚያ ሲሆን መቶኛው ይገለባበጣል። ወዳጄ ይህ በብዙ የተደጋጋሚ ጉልበት ፈተናዎች ላይ የታወቀ ነው አለ። እሑድ ዕለት የያዝኩት አቋም ጸና።

መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስፒከሩ በባትሪ ስለሚሠራ ፈተናው አልቆመም፤ ለቪዲዮው ግን ወደ በሩ መጠጋት ግድ ሆነ።

ማክሰኞ፣ ልጆቹን መክፈል

አሁን ልጆቹን በሁለት ከፈልናቸው።

ከፍ ብለው ጀምረው የሚወርዱት አሉ። የእነሱ ችግር በየፋታው የሚሞላው ጉልበት ነው። ለእነሱ ታቦር ይጠቅማል። ከእሱ ጋር ተከታታይ ምቶችን በአጭር ዕረፍት ይሠራሉ።

ዝቅ ብለው ጀምረው እዚያው የሚቆዩት ደግሞ ሌላ ናቸው። ብዙ ሩጫ ቢጨመርላቸው በዚያው ፍጥነት ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያሉ እንጂ አይፈጥኑም። ለእነሱ 5 ሰከንድ በሙሉ ኃይል መምታት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማረፍ። ዝላይ። እግር መመለስ ላይ ያተኮረ ልምምድ።

ይህን ረዥም ዕረፍት ማስፈጸም ከባድ ነው። ቆሞ የሚያርፍ ልጅ ለአሰልጣኝ ሰነፍ ይመስላል። ልጆቹም ያፍራሉ፤ «ማስተር፣ አልደከመንም» ይላሉ። ረዳቴም «ዝም ብለው ቆሙ እኮ» አለኝ። ዕረፍቱ የሥልጠናው አካል ነው አልኩት። ካላረፉ የሚቀጥለው 5 ሰከንድ በሙሉ ኃይል አይሆንም፤ ሳናውቀው የመጀመሪያው ቡድን ሥልጠና ይሆናል።

ታኅሣሥ፣ ከገና በፊት

ነቢያት ጾም ላይ ስለሆንን ከጿሚዎቹ ጋር ተነጋገርን። ከሰዓት ዘግይተው የሚበሉት ለብቻ ከጾሙ በኋላ ይለካሉ። የቀሩትን ዛሬ ለካን።

የፍጥነት ቡድኑ፣ ማለትም ዝቅ ብለው የሚጀምሩት፣ ውጤት ግልጽ ነው። የሁሉም ምርጥ ዙር ጨምሯል፤ ድምራቸውም ባለፈው ያለ ሥልጠና ካየነው መዋዠቅ በላይ ነው የጨመረው። የብዙዎቹ መቶኛም ከፍ ብሏል፤ የጠበቅነው ነው። ለወላጆች ስናስረዳ የተጠቀምነው ድምሩን ብቻ ነው።

የሌላኛው ቡድን ለውጥ ከዚህ ያነሰ ነው። አራተኛውና አምስተኛው ዙር ላይ የተወሰኑት ተሻሽለዋል፤ ሁለቱ እዚያው ናቸው። በኦክስጅን የሚሠራው ጉልበት ለመገንባት ጊዜ ይፈልጋል፤ ከእነሱ ጋር እስከ ፋሲካ እንቀጥላለን። ያ ግራ እግሩ የሚጎትተው ሯጭ ግን የገረመኝ ነው። ግራውን ለብቻው ካሠራነው በኋላ በድምፅ ቅጂው ላይ ያሉት ጫፎች እኩል ተራርቀው መጡ።

ከአዲስ አበባ ክለብ ጋር ቁጥር እናወዳድር የሚል ሐሳብ ከልጆቹ መጣ። እኔ አልደገፍኩም። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። በፋታ ጊዜ የሚገኘው ኦክስጅን አንድ አይደለም። ከረጢቱም፣ ሆጉውም፣ ቆጣሪውም ይለያያል። እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ ያለፈ ቁጥር ጋር ይወዳደር።

ለቀጣዩ ጊዜ የወሰንናቸው ነገሮች አሉ። ከአሥራ አራት ዓመት በታች ያሉት አምስቱን ዙር አይሠሩም፤ አንድ 10 ሰከንድና ዝላይ ይበቃቸዋል። የጎማው ገመድ መላላት ስለጀመረ በሽቦ ይቀየራል። ቅጹ ላይ የቀበቶ ከፍታና የበላበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ይጨመራል። የድምፅ ፋይሉን የሚፈልግ አሰልጣኝ ካለ በፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ እንገለብጥለታለን።